ስለዚያ የድንኳን ፎቶ

ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡር አዘጋጅ።

ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት አንብቤያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም፣ አትስጉ። ባለፈው ሳምንት የእረፍት ገጻችሁ ላይ ስለወጣው ጽሑፍ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሰው ወደማይበዛበት የባሕር ዳርቻ ውጡ፣ ድንኳን ትከሉ፣ ዓሣ አጥምዱ የሚለው። ጽሑፉ ያምራል። ሐሳቡንም እደግፋለሁ፤ እንዲያውም ቤተሰቤን ይዤ ያንኑ አድርጌ ከተመለስኩ ገና ወር አልሞላኝም። ብዕር ያስነሳኝ ፎቶው ነው።

ፎቶውን ታስታውሱታላችሁ። ብርቱካናማ ድንኳን፣ በሩ ወደ ውሃው የተከፈተ፣ ከፊቱ እንደ መስተዋት የሚያበራ ለጥ ያለ አሸዋ፣ ጎኑ ላይ የቆመ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋዜጣውን ከእጄ ቀምታ ትኩር ብላ አየችውና፣ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሌሊት ምን ሆኑ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ለምን እንዳልሳቅኩ ልንገራችሁ።

ስድስት ሆነን ነው የሄድነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና የባለቤቴ ወንድም። የቦታውን ስም አልናገርም፤ ጸጥ ያለ ቦታ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ጸጥ ብሎ አይቆይማ። ከአስፋልቱ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል፣ ስልክ አይሠራም፣ ቤት የሚባል ነገር አይታይም። አጎትየው ከመነሳታችን በፊት ለሁለት ሳምንት ዕቃ ሲገዛ ነው የከረመው። አዲስ ዘንግ፣ ሦስት ዓይነት መንጠቆ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ኪሱ አሥራ አንድ የሆነ ሰደርያ። ዓሣ ማጥመድ አውቃለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ያውቃል። የተማረው ግን ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቅ ደግሞ አመሻሽ ላይ በተውከው ቦታ ጠዋት ታገኘዋለህ።

የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ውሃው እየሸሸ ነበር። ልጆቹ ከመኪናው ወርደው ጫማቸውን የት እንደጣሉ እንኳ አላየሁም። የእኔ ዓይን ያረፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ለጥ ያለ፣ ጠጠር የሌለው፣ ስትረግጠው የማይሰምጥ አሸዋ። ከላይ ያለው አሸዋ ልፍስፍስ ነው፣ ካስማ አይዝም፣ ወጣ ገባ ነው፣ እሾሃማ ሳርም በቅሎበታል። ይሄኛው ግን የተነጠፈ ወለል ነው የሚመስለው። ማን እንዳነጠፈው አልጠየቅኩም።

ልጄ ጠየቀች። «አባዬ፣ ለምንድነው ሁለት መስመር ያለው?»

አሸዋው ላይ የባሕር ሳር በሁለት መስመር ተደርድሯል። አንደኛው ወደ ውሃው ቀረብ ያለ፣ እርጥብ፣ ገና አረንጓዴ፣ ሲነኩት ትንንሽ ነፍሳት ከውስጡ የሚዘሉበት። ሁለተኛው ከሱ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ላይ፣ ደርቆ የጠቆረ፣ የፕላስቲክ ክዳን፣ ላባና የተሰበረ ዛጎል የተወሸቀበት። እኔ ዕቃ እያወረድኩ ነበር። «ነፋስ ነው ያመጣው» አልኳት። ሁለቱንም ድንኳን በመስመሮቹ መሀል ተከልናቸው። ከእርጥቡ በላይ ነን፣ ስለዚህ ደረቅ ላይ ነን፤ ሒሳባችን ይሄው ነበር።

ምሽቱ ግሩም ነበር። ጨረቃ ከኋላችን ካለው ኮረብታ ሙሉ ሆና ወጣች። ባትሪ እንኳ አላስፈለገንም። አጎትየው እሳቱ ዳር ተቀምጦ፣ በሙሉ ጨረቃ መምጣታችን ዕድላችን ነው አለ። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ክንዴን ነቅነቅ አደረገችኝ። «ድምፁ ቀርቧል» አለች። «የባሕር ድምፅ ሌሊት ይቀርባል» አልኳት፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ትንሽ ቆይቶ የአራት ዓመቱ ልጃችን በእንቅልፍ ልቡ «ረጠበኝ» ሲል ሰማነው። ያው የለመድነው ነገር መሰለን። ሱሪ ልቀይርለት ብዬ ስነሳ እጄን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ። ወለሉ ከእጄ ስር ሸሸ። ውሃ የሞላ ላስቲክ ላይ ስትደገፍ እንደሚሸሸው፣ እንደዚያ። ከዚያ ከሌላው ጎን ብድግ አለ።

ዚፑን ስከፍት ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው፣ በጨረቃ ያበራል። የሚጮህ ማዕበል የለም፣ የተቆጣ ባሕር የለም። የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ጫማውን አውልቆ የገባ እንግዳ ነው የሚመስለው። የሚያስፈራውም ይሄ ነው፤ ቢጮህ ኖሮ ቀድመን እንነቃ ነበር። ባለቤቴ ትንሹን አቀፈችው፣ ልጄ የታላቅ ወንድሟን እጅ ይዛ ወደ ላይ ሮጠች፣ እኔና አጎትየው ድንኳኖቹን ከነስሊፒንግ ባጋቸው እንደ ጆንያ ጎተትናቸው። ግማሹ ካስማ እዚያው ቀረ። አንድ ድስት፣ አንድ ግራ እግር ጫማና የአጎትየው አዲስ ዘንግ ከውሃው ጋር ሄዱ። ዘንጉን በማግስቱ አለት መሀል ተሰክቶ አገኘነው። ጫማው እስካሁን የለም።

ላይኛው አሸዋ ላይ ስድስታችንም እየተንቀጠቀጥን ቁጭ አልን። ይሄኔ ነው አጎትየው፣ ከማታው እሳት የተረፈውን ፍም በድስት አድርገን አንዱ ድንኳን ውስጥ እናስገባውና ልጆቹ ይሙቁ፣ ልብሱም ይድረቅ ያለው። እኔ፣ አላፍርም፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ነበር። ባለቤቴ ናት አይሆንም ያለችው። የከሰል ጭስ ስንት ሰው ተኝቶ እንዲቀር እንዳደረገ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ዚፑ የተዘጋ ድንኳን ደግሞ መውጫ የለውም። ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገባናቸው፣ ደረቅ ልብስ አለበስናቸው፣ እኛ እየተፈራረቅን ውጭ እሳት ሞቅን። ከባሕሩ ተርፈን በፍም ልንሞት ነበር።

ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ባሕሩ እንደገና ርቆ ሄዷል። ምንም እንዳላደረገ። ልጄ ወርዳ ድንኳኑ የነበረበትን ቦታ አለፈችና ላይኛው መስመር ላይ ቆመች። የደረቀው ሳር ላይ አዲስ እርጥብ ሳር ልክ በልኩ ተደርድሮበታል። ዞር ብላ አየችኝ። «ነፋስ ነው?» አለች።

አዎ፣ የምናውቀው ነገር ነው። ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ለፈተናም ሸምድደነዋል። ባሕሩን የምትስበው ጨረቃ ናት፣ ፀሐይም ታግዛታለች፤ ኒውተን ምክንያቱን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1687 ነው፣ እኔ በፈተና ወረቀት ላይ የጻፍኩት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ምድር፣ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፣ ሁለቱ ስበቶች ይደመራሉ፣ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ብሎ ይሞላል፣ ከወትሮውም ርቆ ይሸሻል። ርቆ የሄደው ርቆ ነው የሚመለሰው። እዚያ ላይ የሌሊቱ ሙላት ከቀኑ በልጦ መጣ፣ ነፋሱም ውሃውን ወደ እኛ ይገፋ ነበር። ያ ያደነቅነው የተነጠፈ ወለል፣ ያቺ ዕድላችን ናት የተባለችው ጨረቃ፣ ያ ደረቅ መስመር፣ ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ነበር የሚነግሩን። እርጥቡ መስመር የዛሬው ሙላት ነው። ደረቁ ያለፈው ትልቅ ሙላት የደረሰበት ነው። ባሕሩ አድራሻውን አሸዋው ላይ ጽፎ ነው የሄደው፤ ያነበበችው ደግሞ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ናት።

በብዙ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ልኩ ግን እንደ ቦታው ነው። ሜዲትራኒያን ላይ አብዛኛው ቦታ ከጥቂት አሥር ሴንቲሜትር አያልፍም፣ ካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ላይ ደግሞ ከጎደለበት እስከ ሞላበት 16 ሜትር ይደርሳል፤ የአምስት ፎቅ ቤት ከፍታ ማለት ነው። በአንዱ ባሕር ያደገ ሰው «እኔ ባሕር አውቃለሁ» ብሎ ሌላው ላይ ድንኳን ቢተክል ምን እንደሚጠብቀው አስቡት። የየቦታው የሙላትና የጉድለት ሰዓት ተሰልቶ በሠንጠረዥ ይወጣል፤ ከቤት ሳይወጡ ማየት ይቻላል። አሥራ አንድ ኪስ ያለው ሰደርያ ስንገዛ እሱን ያላየነው እኛ ነን።

አሁን ስለ ዓሣው። ጽሑፋችሁ ዘንጉን ወርውሩና ጠብቁ ብሎ ነው ያለፈው። የመጀመሪያውን ምሽት እንደዚያው አድርገናል። ወረወርን፣ ጠበቅን። የአጎትየው ክንድ ጠንካራ ነው፣ ክሩን የሚያሰምጠውን የእርሳስ ክብደት ማዕበሉ ከሚሰበርበት አሻግሮ ነው የሚጥለው፣ በወረወረ ቁጥር ልጆቹ ያጨበጭቡለታል። ዓሣ ግን የለም። መንጠቆው ላይ የሰካነውን ሸርጣኖች በልተው ባዶውን ይመልሱልናል።

ነገሩን የቀየረልን ያው ያሳፈረን የጎደለ ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽ ሌላ ጊዜ የማይታየው የባሕር ወለል ተገልጦ ነበር። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ረጅም ቦይ አለ፣ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ቀርቶበታል። ከቦዩ ማዶ የአሸዋ ጀርባ አለ። የአሸዋው ጀርባ አንድ ቦታ ላይ ይቋረጣል፣ እንደ በር። ልጄ ደብተሯን አወጣችና ሣለችው። ትልቁን አለት መነሻ አድርጋ በእርምጃ ለካች፤ ከሳሩ መስመር እስከ ቦዩ ሠላሳ እርምጃ፣ ከአለቱ እስከ በሩ ሰባ ሁለት። የራሷ እርምጃ ነው፣ የእኔ ብትሉ ያነሰ ይሆናል።

ወደ 5 ሰዓት ገደማ ውሃው ተመልሶ ቦዩን መሙላት ጀመረ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጄ ክንዱ ገና ነው፣ አሻግሮ መወርወር አይችልም፣ እና ደብተሩ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ጣለው፣ ከእግሩ ስር ማለት ይቻላል። ዘንጉ ወዲያው ጎበጠ። ለካ እኛ ማታውን ሙሉ ከዓሦቹ አናት በላይ ነበር የምንወረውረው! ውሃው ሲመለስ ዓሣውም አብሮት ይገባል፤ ማዕበሉ ከአሸዋ ቆፍሮ የሚያወጣውን ትልና ትንንሽ ሸርጣን ይለቅማል፣ ያንን የሚለቅመው ደግሞ ዳር ላይ ነው። አጎትየው ዝም ብሎ መጥቶ ከልጁ ጎን ቆመ። አጠር አድርጎ ወረወረ። ለሱ ከባድ ነገር ነበር፣ አየሁት።

አምስት ያዝን። ሁለቱን መለስናቸው፣ ከሚፈቀደው ልክ ያነሱ ነበሩ። ልጆቹ እጃቸውን ሳያርሱ እንዳይነኳቸው ነግሬያለሁ፤ የዓሣ ሰውነት ላይ ያለው የሚያሙለጨልጭ ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ነው፣ በደረቅ እጅ ይላጣል፣ ያኔ መልሰነዋል ማለቱ ራስን ማታለል ነው። መንጠቆው ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ሹል ነገርም በፒንሳ ደፍጥጠናታል። ዓሣው ያመልጣል የሚል አለ። ጥቂት ያመልጣል። ግን ያቺ መንጠቆ የልጄ ሹራብ ላይ በተሰካች ጊዜ በአንድ እጅ ወጣች። ሹራብ ባይሆን ጣት ነበር።

አንድ ነገር ጨርሶ አልጻፋችሁም። ልጁ ሦስተኛውን ሲጎትት ክብደቱ ሌላ ሆነበት፣ ዳር ሲደርስ ያየነው ነገር እየተነፋ ነው። ክብ ሆነ። ኳስ አከለ። ዓይኖቹ ትልልቅ፣ አፉ ትንሽ፣ ከከንፈሩ ጥርስ ወጣ ብሏል፣ የሚስቅ ይመስላል። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ «ፊኛ» ብለው ስም አወጡለት፣ ትንሹ ሊያቅፈው ሄደ። ይሄ ፓፈርፊሽ የሚባለው ዓሣ ጉበቱና እንቁላሉ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ቆዳው ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ አለው። ብትጠብሰው ብትቀቅለው አይጠፋም፣ ማርከሻም የለውም፣ የትንፋሽ ጡንቻን ነው የሚያስቆመው። በጥርሱም ክር ይበጥሳል፣ ጣት አሳልፋችሁ አትስጡት። ውሃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን ቆርጠን ለቀቅነው፤ አየር ከዋጠ መልሶ ለማስወጣት ይቸገራል። ቤት ሳለን የታተመ የዓሦች ሥዕል ይዘን ነበር፣ ደንባችንም ቀላል ነው፤ ስሙን ያላገኘንለትን አንበላም። ስሙን ያገኘንለትንም እንደወጣ በረዶ ውስጥ ነው የምናስገባው። ቱናና ማኬሬልን የመሰሉ ዓሦች ፀሐይ ላይ ሲቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል፣ የበላውን ሰው የሚያሳምም ነገር ይጠራቀማል፣ ከዚያ በኋላ እሳት አያጠፋውም።

ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ጽሑፋችሁ ልጆች ሲዋኙ ማዕበል የማይሰበርበትን ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡላቸው ይላል። እባካችሁ ይህን አርሙ። ክፍት የሆነ ዳርቻ ላይ፣ ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ እየሆነ መሀሉ ብቻ ጸጥ ካለ፣ ጠቆር ካለ፣ ያ ቦታ ጥልቅ ነው፣ ውሃው ደግሞ እየወጣበት ነው። ማዕበል የሚገፋው ውሃ የሆነ ቦታ መመለስ አለበት፣ የሚመለሰው የአሸዋው ጀርባ በተቋረጠበት በር ነው። ልጄ ደብተሯ ላይ ሰባ ሁለት እርምጃ ብላ የጻፈችው በር ማለት ነው። ጠዋት በእግራችን ስንሻገርበት ምንም አልነበረም። ከሰዓት ውሃው ሞልቶ ከላይ ስናየው ግን ከዳርቻው ሁሉ የሚያምረው፣ ልጅ ይዘህ ልትገባበት የምትመኘው ቦታ እሱ ነው። አንድ የእንጨት ቁራጭ ወረወርንበት። ልጁ ቆጠረ። ሃያ ሳይሞላ እንጨቱ ከአረፋው ማዶ ሆነ። እንዲህ ያለው ጅረት ሲበረታ በሰከንድ ሁለት ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል፣ የኦሎምፒክ ዋናተኛም አይቋቋመውም። የያዘው ሰው ወደ ዳር ፊት ለፊት ልታገል ካለ ይደክማል፤ ጅረቱ ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኝቶ መውጣት፣ ካልቻለም ተንሳፍፎ እጁን ማውለብለብ ነው ያለበት። የእኛ ልጆች ጎድሎ በቀረው ኩሬ ነው የተንቦጫረቁት። አልከፋቸውም።

እሳቱ ጉዳይ ላይ ደግሞ እኛም ጥፋተኞች ነን። ሁለተኛውን ማታ እሳቱን በአሸዋ ቀበርነው፣ ጽሑፋችሁም እንደዚያው ነው የሚለው። አሸዋ እሳትን ከዓይን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፣ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት አጎትየው በባዶ እግሩ ረገጠው። ትንሹ ልጅ ሁለት እርምጃ ከኋላው ነበር። የተቃጠለ ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ነው፣ እና አፈሰስን፣ አንድ ጀሪካን በሙሉ ሄደ። የቀረችንን ስንቆጥር ነው ላብ ያሰመጠኝ። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ብንል ለስድስት ሰው ለሦስት ቀን 72 ሊትር ነው፤ እኛ የያዝነው 60 ነበር፣ ዕቃ መታጠቢያና እግር ማብረጃ ሳይታሰብ። ድስቱን በባሕር ውሃ አጠብን፣ እሳቱን ከዚያ በኋላ በባልዲ የባሕር ውሃ አጠፋን፣ በእጃችን ነክተን እስኪቀዘቅዝ። ውሃው አጠገባችን እያለ መጀመሪያ ለምን እንደዚያ እንዳላደረግን እስካሁን አይገባኝም።

በደህና ያደረግነው አንድ ነገር ቢኖር የባለቤቴ ሐሳብ ነው። ለእህቷ የምንሄድበትን ቦታ፣ የመኪናውን ሰሌዳና «እሁድ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልደወልን ሰው ጥሪ» የሚል ወረቀት ትታላት ነበር። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ያቺ ወረቀት ናት ስልኩ። እሁድ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልቱ ዳር ቆመን ስንደውልላት እህቷ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ነበር።

የማማረር ደብዳቤ ብቻ እንዳይሆንብኝ ስለ መጨረሻው ማታ ልንገራችሁ። ጨረቃ በየማታው ዘግይታ እንደምትወጣ ልጄ በራሷ ደርሳበታለች፤ በአማካይ ያው 50 ደቂቃ። «ባሕሩም እኮ 50 ነው የሚዘገየው» አለች፣ ደብተሯን እያሳየችኝ፣ አንድ ሰው ላይ እንደደረሰች መርማሪ። እና በሦስተኛው ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ጨለማ አገኘን። ትንሹን ላሸናው ብዬ ወደ እርጥቡ አሸዋ ወረድኩ። እግሩን ሲያሳርፍ አሸዋው በራ። ሰማያዊ ብልጭታ፣ ወዲያው የጠፋ። እንደገና ረገጠ፣ እንደገና በራ። ውሃው ሲነካካ የሚያበሩ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። ሁላችንም ወረድን፣ እግሩ የተጠቀለለው አጎትየውም እያነከሰ። ማዕበሉ ሲሰበር ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስመር ይሮጣል። ልጆቹ እየጮሁ ሲሮጡ የእግራቸው ዱካ ከኋላቸው አንድ በአንድ ይጠፋል። ማንም ፎቶ አላነሳም፣ አልመጣልንማ። ከኮረብታው ላይ ጨረቃ ብቅ ስትል ቀስ ብሎ ደበዘዘ፣ ትንሹም ላሸናው ብዬ ያወረድኩት መሆኑ ትዝ ያለኝ በኋላ ሱሪው ረጥቦ ሳየው ነው። ያን ጊዜ ያረጠበው ባሕሩ አልነበረም።

ስለዚህ ሰዎች አይሂዱ አልልም። እንዲህ ያለው ገጽ ላይ ግን ከሚያማምረው ነገር ጎን አንድ ትንሽ ሣጥን አውጡ። የሙላት ሰዓት እዩ፣ ጨረቃዋ ስንት ቀኗ እንደሆነ እዩ፣ ድንኳኑን ከላይኛው ደረቅ መስመርም አልፋችሁ ትከሉ፣ አሸዋው ካስማ ካልያዘ ከረጢት በአሸዋ ሞልታችሁ ቅበሩና እሱ ላይ እሰሩ። የተቆረጠ የማጥመጃ ክር ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ እኛ እዚያ ያገኘነው ወፍ ሁለት እግሩ በሌላ ሰው ክር ታስሮ ነበር፣ ባለቤቴ ፎጣ ጣል አድርጋበት በመቀስ ፈታችው፣ በምስጋና ፈንታ አውራ ጣቷን ነክሷት ሄደ። ስለ ጸጥ ያለው የመዋኛ ቦታና ስለ እሳቱ የጻፋችሁትን ደግሞ በሚቀጥለው እትም አርሙት፤ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ሰው በሚያየው ልክ።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ልጄ ከጋዜጣው ቆርጣ በአጉሊ መነጽር አይታዋለች። ድንኳኑ ጀርባ፣ በቀኝ በኩል፣ ጠቆር ያለ ቀጭን ነገር አለ፣ ጥላ የሚመስል። ጥላ አይደለም ትላለች። በቀይ እርሳስ አስምራበት እዚህ ፖስታ ውስጥ ከታዋለች፣ ሲበቃችሁ እንድትመልሱላት ትፈልጋለች። ድንኳኑ ከመስመሩ በታች ነው።

አንባቢያችሁ፣ የሦስት ልጆች አባት